በሙያ የታወቀ ስም እንዴት ይገነባል? ለሰሜን ሸዋ ሠራተኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሎ ሳይገዛ ማለፍ ይከብደዋል። ከተማዋ ሌላም ብዙ ነገር አላት፤ መንገደኛው ስሟን ሲሰማ ቀድሞ የሚያስበው ግን ቆሎዋን ነው። በሥራ ዓለም «የግል ብራንድ» የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስምዎ ሲነሣ ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚላቸው ችሎታ እና ያንን ችሎታ አምነው ኃላፊነት እንዲሰጡዎት የሚያደርጋቸው ማስረጃ አንድ ላይ የግል ብራንድዎ ይባላሉ። ብዙ ወጣቶች ጉዳዩን ከፎቶግራፍ እና ከተከታይ ብዛት ጋር ስለሚያያይዙት ድካማቸው ከማስረጃው ይልቅ በገጽታው ላይ ሲያልቅ አያለሁ፤ ይህም ያሳዝነኛል።

በደብረ ብርሃን በሰው ሀብት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ተወዳዳሪዎች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለጥገና ክፍል ኃላፊነት በወጣ የውስጥ ማስታወቂያ የተወዳደረ ቴክኒሽያን ነበር። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ከካፖርቱ ኪስ ጠርዙ በግራሶ የወዛ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣ። በየገጹ ማሽኑ የቆመበት ቀን፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የብልሽቱ ምክንያት፣ የተቀየረው ዕቃ እና ጥገናው የወሰደው ሰዓት በመስመር በመስመር ተጽፏል። በአንደኛው ገጽ አንድ ኩሽኔታ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ መቀየሩን በቀይ አስምሮበት፣ ከሥሩ «ዘንጉ ተጣሟል፤ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር አይበቃም» የሚል ማስታወሻ አስፍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ያ ኩሽኔታ ዳግመኛ አልተጠቀሰም። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በትምህርት ደረጃም ሆነ በአገልግሎት ዘመን አያንሱትም ነበር፤ ቦታውን ያገኘው ግን እርሱ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የሚታወቁበትን ጉዳይ መምረጥ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሲቸገር «እስቲ እርሷን ጥሯት» ወይም «እርሱ ያውቃል» የሚባልልዎት በምን ጉዳይ ላይ ነው? መልሱን ከራስዎ ብቻ አይጠብቁ፤ የቅርብ ኃላፊዎን፣ አብሮዎት የሚሠራ ባልደረባዎን እና አገልግሎትዎን የሚያገኝ አንድ ሰው ለየብቻ ይጠይቁ። ሦስቱ የተለያየ መልስ ከሰጡዎት ስምዎ ገና አልጠራም ማለት ነው። የሚመርጡት ጉዳይ ደግሞ አካባቢው የሚፈልገው ቢሆን ይመረጣል። በመንዝ ለሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የበግ በሽታን ቀድሞ መለየት፣ በምንጃር ላለ የግብርና ባለሙያ የጤፍ አመራረት፣ በሸዋ ሮቢት ለሚሠራ የመስኖ ሽንኩርት፣ በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ለተቀጠረ ደግሞ የማሽን ጥገና፣ የጥራት ቁጥጥር ወይም የንብረት ሂሳብ ሰፊ ሜዳ ነው። ሁሉንም እችላለሁ የሚል ሰው አንድ ቦታ ሲከፈት ማንም ቀድሞ አያስታውሰውም።

ቀጥሎ መዝገብ ይያዙ። በየሳምንቱ ዓርብ ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ወስደው በሳምንቱ የፈቱትን አንድ ችግር ይጻፉ፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንደተለወጠ በቁጥር ያስፍሩ። «የንብረት ቆጠራውን አሻሽያለሁ» ከማለት «ስድስት ቀን ይፈጅ የነበረውን ቆጠራ የመደርደሪያ ቁጥር በመስጠት በሁለት ቀን እንዲያልቅ አድርጌአለሁ» ማለት ይበልጣል። የታካሚን፣ የደንበኛን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ግን በግል ደብተርዎም በስልክዎም አይያዙ።

ከሁሉም የሚከብደው ስለ ራስ መናገር ነው። ራስን መካብ ነውር መሆኑን እየሰማን ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ በቃለ መጠይቅ ላይ «እርስዎ ምን ሠሩ?» ስንባል «እኛ እንዲህ አደረግን» ብለን እናልፋለን። ይህ ትሕትና የሚከበር ነው፤ ጠያቂው ግን ከ«እኛ» ውስጥ የእርስዎን ድርሻ ለይቶ ነጥብ መስጠት አይችልም። መፍትሔው ትሕትናውን ሳይጥሉ ድርሻውን መለየት ነው። «ቡድናችን አምስት ሰዎች ነበሩት፤ የእኔ ሥራ መረጃውን መሰብሰብና ማጣራት ነበር፤ ስህተቱንም ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው» የሚል መልስ የባልደረቦችን ድካም ይመሰክራል፣ የራስንም አይደብቅም። ይህን ከፈተናው ቀደም ብለው ለአንድ ወዳጅዎ ጮክ ብለው ቢለማመዱት አንደበትዎ አይያዝም።

ወረቀትዎንም ያስተካክሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም የሥራ ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑን እና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ እስኪለቁ አይጠብቁ፤ ደብዳቤውም «በትጋት ሠርተዋል» በሚል ቃል ብቻ እንዳይዘጋ፣ የሠሩባቸውን ዋና ዋና ተግባራት በአጭሩ ጽፈው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ብዙ ባዶ ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ለባለቤቶቹ እንዳልጠቀማቸው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የስም አጻጻፍም ቀላል አይደለም። «ጽጌ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት መንገድ ተጽፎ አይቻለሁ። በዲግሪዎ፣ በፋይዳ መታወቂያዎ እና ባለሙያዎችና ቀጣሪዎች በሚገናኙበት የሊንክድኢን ድረ ገጽ ባለው ገጽዎ ላይ ስምዎ እስከ አያት ድረስ በአንድ አጻጻፍ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሰው ፈልጎ ሊያጣዎት ይችላል።

በሊንክድኢን ከስምዎ ሥር በምትገኘው አጭር መስመር «ሥራ ፈላጊ» ከማለት «የሽመና ማሽን ጥገና ቴክኒሽያን፣ ደብረ ብርሃን» ብለው ይጻፉ። በቴሌግራም ቻናል ከሥራዎ የተማሩትን አንድ ነገር በወር አንድ ጊዜ ቢያካፍሉ በየቀኑ የሌላ ሰው ጽሑፍ ከማዛወር ይሻላል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የማስረጃዎችዎን ቅጂ በፍላሽም በወረቀትም ያስቀምጡ።

ሆኖም በሰሜን ሸዋ ስም የሚዞረው ከስክሪን ይልቅ በሰው አፍ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የፋብሪካው፣ የባንኩ እና የዩኒቨርሲቲው ሰው በለቅሶ ቤትም በእድርም ይገናኛል። ስለዚህ የሚያውቁትን ለአዲስ ገቢ ባልደረባ ያስተምሩ፤ በክፍልዎ ስብሰባ ላይ ከመዝገብዎ አንድ ጉዳይ መርጠው ለዐሥር ደቂቃ ያስረዱ። ቀጠሮ ያክብሩ። ሲሳሳቱም ሌላ ሰው ሳያነሣው ቀድመው ለኃላፊዎ ይንገሩ፤ በእኔ ግምት ይህን ያህል ፈጥኖ እምነት የሚያተርፍ ሌላ ነገር የለም።

የውስጥ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በዚያ ጥድፊያ የሁለት ዓመት ሥራን አስታውሶ መጻፍ ስለማይቻል፣ በየስድስት ወሩ ከደብተርዎ የተሻሉትን አምስት መስመሮች ወደ ሲቪዎ ያስተላልፉ፤ አዲስ ያገኙትንም የሥልጠና ምስክር ወረቀት ለሰው ሀብት ክፍል ሰጥተው በማኅደርዎ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ።