ርካሽ የአየር ጠመንጃ የሚስተው በእኛ ነው፤ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ስለ ተኩስ ምክር መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ሰዉ ከጠመንጃ ጋር አድጓል። የ1874ቱን የፈረንሳይ ውጅግራ፣ ያንን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን፣ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው አለ። ምንሽር በአባቱ ትከሻ ላይ ያየ ደግሞ ብዙ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እየታጠፈ የሚወጠረውን፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚተኩሰውን ርካሽ የአየር ጠመንጃ እንደ ምንሽር ይይዘዋል። ይስታል። ከዚያ «የልጅ መጫወቻ» ብሎ ጥግ ያስይዘዋል።

መጫወቻ አይደለም። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ። የዒላማው መሀል፣ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ነጥብ፣ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። እርግጥ የውድድሩ ጠመንጃ ውድ ነው፣ አሠራሩም ይለያል። ግን ባለ ሞላው ርካሽ ጠመንጃም በ10 ሜትር ላይ አምስት ጥይት የአንድ ብር ሳንቲም በሚሸፍናት ቦታ ውስጥ ማሳረፍ ይችላል። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ከሚተኩሱት ጋር ስውል የማየው ስህተት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ጠመንጃውን ማነቅ

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ውስጡ ጠንካራ ሞላ አለ። ጥይቷ የምትወጣበትን ቱቦ ስታጥፉት ሞላው ይወጠራል፣ ፒስተኑም ወደ ኋላ ሄዶ ይያዛል። ቃታው ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ተወርውሮ ጥይቷን የሚገፋውን አየር ያምቃል፤ ጠመንጃው በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይፈናጠራል። ጥይቷ ከአፈሙዙ ሳትወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። የባሩድ ጠመንጃ ጥይት ፈጣን ነው፤ ቶሎ ወጥቶ ይሄዳል። የእኛዋ ቀርፋፋ ናት። ጠመንጃው የሚያደርገውን ሁሉ ይዛ ነው የምትወጣው።

ይህን እንቅስቃሴ በጉልበት ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን መተው ነው። ስታንቁት ግን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ታደርጉታላችሁ፤ ጡንቻ እኩል አይጨብጥም። ጥይቱም እንደ ጭብጣችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ላይ ይሄዳል።

ጎረቤታችን የሆኑ፣ በወጣትነታቸው ምንሽር የተኮሱ አንድ ጋሼ አሉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ዓይናቸውም ደህና ነው። ሰደፉን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ የፊቱን እንጨት ጨምድደው ሲተኩሱ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ተበታተኑ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠማማ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ አይጨብጡት። መዳፍዎን ይዘርጉና ላዩ ላይ ያስተኙት።»

«ጠመንጃ ካልጨበጡት ይከዳል!»

«ይሄኛው ሲጨብጡት ነው የሚከዳው።»

ቅር እያላቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው እንጨቱን አልነኩትም። ሰደፉ ትከሻቸውን ነካ ብቻ አደረገ፣ ጉንጫቸውም ሳይጫን አረፈ። አምስቱ ጥይቶች ተቀራርበው ገቡ። ሁለቱ ቀዳዳዎች እንዲያውም ተያይዘው አንድ ሆነዋል። ወረቀቱን ራሳቸው ሄደው አወረዱትና ለልጅ ልጃቸው አሳዩት።

እንግዲህ አያያዙ ይህ ነው። ግራ መዳፍ ክፍት ይሁን። ጠመንጃው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ አስተኙት። ቦታው ሲገኝ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ቀጥሎም እጃችሁ እዚያው ይሁን። በሁለት ጣት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ብቻውን ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይረዋል። ቀኝ እጅም ቃታውን ለመሳብ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይያዝ።

የዚሁ ስህተት ሌላው መልክ ድንጋይ፣ ጠረጴዛ ወይም የመስኮት ደፍ ላይ አስደግፎ መተኮስ ነው። ጠመንጃው ጠንካራ ነገር ላይ ሲፈናጠር ይነጥራል። አፈር የሞላው ማዳበሪያ ከረጢት ካላችሁ እሱ ላይ እጃችሁን አስደግፉ፣ ጠመንጃው ደግሞ እጃችሁ ላይ ይተኛ። ቱቦውን ራሱን በምንም ነገር ላይ አታስደግፉ።

በአንድ ጥይት ተነስቶ ማነጣጠሪያ ማዞር

ወጣቶቹ ላይ የማየው ደግሞ ይሄን ነው። ይተኩሳል፣ ወደ ግራ ይስታል፣ የማነጣጠሪያውን ብሎን ያዞራል። ይተኩሳል፣ ወደ ቀኝ ይስታል፣ መልሶ ያዞራል። ከሰዓቱ እንዲህ ያልቃል። ጥይት አለቀ፣ ብሎኑም ላላ፣ ልጁም ተናደደ።

የትኛውም ጠመንጃ ጥይቶቹን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ አያሳርፍም። ምቶቹ በሆነ ክብ ውስጥ ይበተናሉ። አንዷ ምት የት እንዳረፈች ስለ ማነጣጠሪያው ምንም አትነግራችሁም፤ የክቡ ዳር ላይ ያረፈች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ብሎኑን ሳትነኩ አምስት ጥይት ተኩሱ። ቀዳዳዎቹን በእርሳስ አክቡና መሀላቸውን ፈልጉ። ያ መሀል ከዒላማው ምን ያህል እንደራቀ አይታችሁ አንዴ ብቻ አዙሩ። ከዚያ እንደገና አምስት። የኋላው ማነጣጠሪያ ምቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቀኝ እንዲመታ ከፈለጋችሁ ወደ ቀኝ።

አምስቱ ጥይቶች ተበታትነው ከገቡ ግን ብሎኑን አትንኩት። ችግሩ ያያያዝ፣ የጥይት ወይም የላላ ነገር ነው።

የላላ ብሎን

ካቻቢቴ አምጡና ከመተኮሳችሁ በፊት እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ነካ አድርጉ። ሞላው በተፈናጠረ ቁጥር ይላላሉ። በጣም የሚያስቸግር ካለ ጥርሱ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጋችሁ አጥብቁት፤ ይይዛል፣ ሲፈለግም ይፈታል። ቱቦው የሚታጠፍበትን ማጠፊያም እዩ። ሰደፉን በጉልበታችሁ መሀል ያዙና ቱቦውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያውን ብሎን ሳታጠብቁ አንድም ጥይት አታባክኑ።

ያገኙትን ጥይት ማጉረስ

ጥይቷን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩዋት። የ4.5 ሚሊሜትሯ ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ወገቧ ቀጭን ነው፣ ከኋላ ደግሞ ቀሚስ አላት። አየሩ ሲገፋት ቀሚሱ ይሰፋና ቱቦው ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይይዛል። የምትሽከረከረው፣ ቀጥ ብላም የምትሄደው በዚህ ነው። ቀሚሱ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተጋጭቶ ከተጣመመ አየር በአንድ ጎን ያመልጣል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባሏት፤ ክብ ሠርታ ካልዞረች ለዩዋት።

አንድ ዓይነት ጥይት ያዙ። ከሁለት ቆርቆሮ ቀላቅሎ መተኮስ ሁለት ጠመንጃ እንደ መተኮስ ነው። የአንዱ ሰው ጠመንጃ የወደደውን የሌላው ላይወደው ስለሚችል ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክራችሁ የተሻለውን ምረጡ። ከባድ መሆኑ ወይም ሹል መሆኑ ምንም ዋስትና አይደለም። አንዴ የተተኮሰች ጥይት ለቅሞ፣ አቃንቶ መልሶ ማጉረስ አይሞከር። ምስማር፣ እሾህና የብረት ኳስ ደግሞ ቦዮቹን ይቦጫጭራሉ፤ አንዴ የተጎዳ ቱቦ አይመለስም።

ዘይት ማብዛት

«ደርቋል» ተብሎ የሞተር ዘይት የተንቆረቆረበት ጠመንጃ ተጠግኖ አያልቅም። ሞላው አየሩን ሲያምቀው አየሩ በጣም ይግላል። እዚያ ውስጥ ዘይት ካለ ይቀጣጠላል፤ የወፍጮ ቤቱ የናፍጣ ሞተር ያለ እሳት የሚነሳው በዚሁ መንገድ ነው። ድምፁ ይጮኻል፣ ከአፈሙዙ ጭስ ይወጣል፣ ተኳሹም «ኃይል ጨመረ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የጥይቷ ፍጥነት በየተኩሱ ይለያያል፣ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው የፒስተኑ ጎሚኒም ይቃጠላል። አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካ በመጣ ቅባት ምክንያት መጀመሪያ ላይ ቢያጨስ ያለ ነው፤ እየተተኮሰ ይተወዋል። እናንተ ግን አትጨምሩበት። ማጠፊያው ላይ ትንሽ ግራሶ ይበቃዋል።

ባዶውን መተኮስ፣ አቀባብሎ ማስቀመጥ

ጥይት ሳይኖር ቃታ አትሳቡ። ፒስተኑን የሚያበርደው ከጥይቷ ኋላ የሚታመቀው አየር ነው፤ ጥይት ከሌለ ብረት ከብረት ይጋጫል። አቀባብሎ ማሳደርም ሞላውን ያደክማል። አደጋውን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ቃታ

የርካሽ ጠመንጃ ቃታ ይከብዳል፣ ይረዝማልም። ቀስ ብሎ መሳብ ነው መፍትሔው። ግማሽ ትንፋሽ አስወጥታችሁ ያዙ፣ በጣት ጫፍ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡ። ጥይቷ ከወጣች በኋላም አትነሱ፤ ማነጣጠሪያውን እያያችሁ ትንሽ ቆዩ። ብዙ ሰው መታሁ ወይስ ሳትኩ ብሎ ቀና የሚለው ጥይቷ ሳትወጣ ነው።

ቃታውን በሞረድ የሚያቀሉ ደግሞ አሉ። እባካችሁ ተዉት! የሚሞረደው ሞላውን አንቆ የያዘው ጥርስ ነው። ያ ጥርስ ሲሳሳ ጠመንጃው ተቀባብሎ ሳለ መሬት ቢነካ እንኳ ይተኩሳል።

መነጽር

ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው። ወደ ኋላ ብቻ እንዲችል ተሠርቷል፤ ወደ ፊት መፈናጠሩን አይችልም፣ ውስጡ ይፈታል። ርቀቱም አይገጥምም። ብዙዎቹ ወደ 90 ሜትር አካባቢ ተስተካክለው ስለሚመጡ በ10 ሜትር ላይ ዓይን ትንሽ ፈቀቅ ካለ ምቱም ይፈቀቃል። ለጀማሪ አብሮት የመጣው የብረት ማነጣጠሪያ ይሻለዋል።

ርቀትና ነፋስ

በ10 ሜትር አስተካክሎ በ40 ሜትር መተኮስ፣ ከዚያም ጠመንጃውን መውቀስ የተለመደ ነው። ጥይቷ ቀላል ናት፤ ቶሎ ትደክማለች፣ ትወርዳለችም። ነፋስም ይወስዳታል። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ከሰዓት ከጣና የሚነሳውን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ማነጣጠሪያ የምታስተካክሉ ከሆነ ጠዋት፣ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ አድርጉት።

ቸል የሚባለው ጥንቃቄ

ጥይት ስታጎርሱ የታጠፈውን ቱቦ በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ቃታው ድንገት ከለቀቀ ቱቦው ተመልሶ ይዘጋል፤ ጣት ይሰብራል። ከዒላማው ኋላ የአፈር ክምር ወይም አፈር የሞላ ማዳበሪያ ይሁን። ድንጋይና ቆርቆሮ ላይ ጥይት ይነጥራል፣ ዓይን ያጠፋል። ልጆች ከተኳሹ ኋላ ይቁሙ። ወፍ ላይ አትተኩሱ፤ ወረቀት አለ። ጥይቱ እርሳስ ነው፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ፈቃዱ የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጠይቁ። አሁን ባለው ሁኔታ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአየር ጠመንጃና ሌላው ጠመንጃ አይለይም። ስለዚህ በመንገድ ላይ በትከሻ አንግታችሁ አትሂዱ። ከግቢ ወደ ግቢ እንኳ ስትወስዱት ጥይት አይጉረስ፣ ሞላውም አይወጠር፣ በከረጢት ሸፍኑት። ጎረቤቶቻችሁም የምትተኩሱበትን ሰዓት አስቀድመው ይወቁ።