የልጆችን የሳምንት ልብስ የሚይዝ የግድግዳ ኪስ እንዴት ይሰፋል?

ጠዋት ልጅን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት ወከባ ነው። አንዱ እግር ካልሲ ይጠፋል። የታሰበው ሱሪ ገና አልደረቀም። ልጁ ደግሞ የትናንቱን ሹራብ ካላመጣችሁ ብሎ ድርቅ ይላል። ለዚህ አንድ መላ አለ፦ የአምስቱን ቀን ልብስ በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ፣ በየቀኑ ለይቶ፣ ልጁ ራሱ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ። ዛሬ የምንሰፋው የግድግዳ ኪስ ለዚህ የሚሆን ነው።

ስፌቱ አያስፈራም። ቀጥ አድርጎ መስፋት የሚችል ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ኪስ ተሰቅሎ ሳይሠራበት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በልኩ ምክንያት ነው። ወይ ይጠብና ልብሱ አይገባም፣ ወይ ከልጁ ቁመት በላይ ይሰቀልና አዋቂ ካላወረደለት አይሆንም። ስለዚህ ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይያዙና ሁለት ነገር ይለኩ፦ ልብሱንና ልጁን።

ልኬት

ልጅዎ በአንድ ቀን የሚለብሰውን በሙሉ ይሰብስቡ። ሱሪ፣ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ። ካለው ሁሉ ወፍራሙን ይምረጡ፤ ወፍራሙ ከገባ ቀጭኑ አያሳስብም። አጣጥፈው ይደራርቡትና ስፋቱን፣ ቁመቱንና ውፍረቱን ይጻፉ። እኔ እዚህ የምጠቀመው 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 22 ቁመት፣ 6 ውፍረት ነው። ለ6 ወይም ለ7 ዓመት ልጅ ይሆናል።

ሰው የሚዘነጋው ውፍረቱን ነው። ኪሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተሰፋ ልብሱ በግድ እየተገፋ ነው የሚገባው፤ ሲወጣም ተጨማዶ ይወጣል። የኪሱ የፊት ጨርቅ ከጀርባው ሰፋ ማለት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። የውፍረቱን እጥፍ ይጨምሩ። ኪሱ ከጀርባ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የፊቱ 42 ይሆናል ማለት ነው። ትርፉ 12 ሴንቲ ሜትር በሽንሽን ይታጠፋል፤ ልብስ ሲገባ ይከፈታል፣ ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይተኛል።

አሁን ወደ ልጁ። ብዙ ሰው አምስቱን ኪስ ከላይ ወደ ታች በአንድ ረድፍ ይደረድራል። ያምራል፣ ግን በዚህ ልኬት ቁመቱ ከ130 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። 1 ሜትር ከ15 ለሚሆን ልጅ የሰኞ ኪስ ከራሱ በላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለት በሁለት አድርገን ሦስት ረድፍ እንሰፋለን። ስድስት ኪስ ይሆናል። አምስቱ ለአምስቱ ቀን፣ ስድስተኛው ለስፖርት ልብስ ወይም ለመጠባበቂያ ካልሲ። ይቺ ስድስተኛ ኪስ ትርፍ ትመስላለች እንጂ በጣም ትጠቅማለች።

ጨርቅና ዕቃ

ጠንከር ያለ ጥጥ፣ ሸራ ወይም ጂንስ ይሁን። ያረጀ የጂንስ ሱሪ ለኪሶቹ ይሆናል፤ ወፍራም ስፌት ያለበትን ቦታ ትተው ይቁረጡ። ቀጭን አንሶላ ብቻውን አይሆንም። በልብሱ ክብደት ይረግባል፣ የግድ ከሆነም ደርበው ይስፉት።

አዲስ ከገዙ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። ሳይቆርጡ በፊት ይጠቡትና ይተኩሱት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሌላው ዕቃ ይህ ነው፦ ጠንካራ ክር፣ ስፒል፣ ጠመኔ፣ መቀስ፣ ካውያ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 66 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ዘንግ፣ ሁለት ጠንካራ መንጠቆ። ለሸራና ለጂንስ የማሽኑ መርፌ ቁጥር 100 ይሁን። የስፌቱን እርምጃ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ያድርጉት። ማሽን ከሌለ በእጅም ይሰፋል። ክሩን ደርበው፣ በየእርምጃው ወደኋላ እየተመለሱ ይስፉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ጥንካሬው ግን አይታማም።

አቆራረጥ

ጀርባው 64 በ93 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። ለኪሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 86 በ22 የሆኑ ሦስት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። እነዚህን በጨርቁ ርዝመት አቅጣጫ ያድርጓቸው። ያኔ ከጀርባው ጎን ተሰልፈው ይገባሉ፣ ጨርቅም አይባክንም። አንድ ቁራጭ ጎን ለጎን ሁለት ኪስ ይወጣዋል።

የልጅዎ ልኬት ከዚህ የተለየ ከሆነ ሁሉንም ቁጥር እንደገና ያስሉ። ዝም ብሎ ሁለት ሴንቲ መጨመር ሽንሽኑን ያበላሸዋል።

ስፌት

መጀመሪያ ጀርባውን ይጨርሱ። ሁለቱን ጎኖችና የታችኛውን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር አጥፈው፣ እንደገና 1 ሴንቲ አጥፈው፣ ተኩሰው ይስፉ። ከላይ በኩል መጀመሪያ 1 ሴንቲ፣ ቀጥሎ 5 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ አጥፈው የታችኛውን ጠርዙን ብቻ ይስፉ። ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ ይህ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት ሆነው ይቆዩ። አሁን 60 በ85 የሆነ ጀርባ አለዎት።

የቀኖቹ ስም የሚወጣው ኪሶቹ ከጀርባው ጋር ከመሰፋታቸው በፊት ነው። በኋላ ልሥራው ካሉ እጅ አይገባልዎትም። ስሙን ከኪሱ በላይ በጀርባው ላይ አይጻፉት፤ ብቅ የሚለው ልብስ ይሸፍነዋል። በኪሱ ፊት መሐል ላይ ይሁን። በ86ቱ ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ መሐሎቹ ከግራ ጫፍ 22 እና 64 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላሉ። በጥልፍ፣ በጨርቅ ቀለም ወይም ፊደል ቆርጦ በመስፋት ይሠራል። ልጁ ማንበብ ካልጀመረ ለየቀኑ አንድ ቀለም ወይም ሥዕል ይስጡት። ሥዕሉን ራሱ ይምረጥ። ሰኞ ዓሣ፣ ማክሰኞ ኳስ ካለ ይሁንለት።

ከዚያ የእያንዳንዱን ቁራጭ የላይኛውን ጠርዝ 1 ሴንቲ፣ ቀጥሎ 2 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይስፉ። የታችኛውንና የሁለቱን ጎን ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈው ብቻ ይተኩሱ። ኪሱ 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ልብሱ በ4 ሴንቲ ሜትር ብቅ ይላል፤ ልጁ ይዞ የሚስበው እሱን ነው።

ጀርባው ላይ ከላይኛው ጫፍ 31፣ 57 እና 83 ሴንቲ ሜትር ላይ በጠመኔ አግድም መስመር ያስምሩ። የኪሶቹ ታች እነዚህ መስመሮች ላይ ያርፋል። መሐል ላይም፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ያስምሩ።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። የቁራጩን ግራና ቀኝ ጫፍ ከጀርባው ጎኖች ጋር፣ መሐሉን ከመሐል መስመሩ ጋር በስፒል ያያይዙ። ጨርቁ ይነፋፋል፤ አይጨነቁ። ሦስቱን ቁም መስመሮች ይስፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሽንሽኑን ያጥፉ። በእያንዳንዱ ኪስ ግራና ቀኝ አንድ አንድ እጥፋት ይሁን፤ እያንዳንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይውሰድ። ተኩሰው ታቹን ሲሰፉ እጥፋቱ አብሮ ይያዛል። ታቹን አስቀድመው ከሰፉ ግን ጨርቁ ወደ አንድ ወገን ይሳብና ኪሱ ይንጋደዳል።

ሽንሽኑ የተደራረበበት ቦታ ላይ ማሽኑ ሊያስቸግር ይችላል። በፍጥነት አይሂዱ፤ የማሽኑን ጎማ በእጅዎ እያዞሩ ይለፉት። በኪሶቹ አፍ ጥግ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይስፉ። ልጅ ኪስን የሚቀደው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው።

አሰቃቀል

ከወለሉ እስከ ልጁ ዓይን ይለኩ። የላይኛው ኪስ አፍ ከዚያ ከፍ አይበል። አፉ ከጨርቁ የላይኛው ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ዓይኑ 105 ሴንቲ ሜትር ላይ ለሆነ ልጅ የጨርቁ ጫፍ 118 አካባቢ ይውላል።

ልጅ ይስበዋል። አንዳንዱ ይንጠለጠልበታል። ስለዚህ በሙጫ የሚለጠፍ መንጠቆ ይቅርብዎ። ግድግዳው ግንብ ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ገብቶበት መንጠቆው በብሎን ይታሰር። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይና በታች አይብሱ፤ ሽቦ ብዙ ጊዜ በዚያ ያልፋል። ዘንጉ በሁለቱ ጫፎቹ መንጠቆዎቹ ላይ በቀጥታ ይረፍ። በረዥም ገመድ ማንጠልጠል ለዓይን ያምር ይሆናል፣ ግን ትንሽ ልጅ ባለበት ክፍል ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

አጠቃቀም

ቅዳሜ ወይም እሁድ ከልጁ ጋር አብራችሁ ሙሉት። ልብሱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ያለው ነገር ኪስ ውስጥ ይሸታል። ሱሪውን ከታች ዘርግተው ቲሸርቱን፣ የውስጥ ልብሱንና ካልሲውን መሐሉ ላይ አድርገው ቢጠቀልሉት በአንድ እጅ ይወጣል፣ ምንም አይንጠባጠብም። የተተኮሰ ሸሚዝና ቀሚስ ግን እዚህ አይግባ። እሱ መስቀያው ላይ ይሁንና የቀኑ ስም ይንጠልጠልበት።

ልጁ በመሐል ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። የሮብን በሐሙስ ይቀያይር፣ ችግር የለውም። ቁም ሣጥን ከፍቶ አዲስ መፈለግ ግን አይፈቀድ፤ ያን በር ከከፈቱ ወከባው ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ልጆች ካሉ አንድ ትልቅ ከመስፋት ለየብቻ መስፋት ይሻላል። ቁመታቸው ይለያያል፣ ጠቡም ይቀንሳል።

ሲቆሽሽ ዘንጉን ስበው አውጥተው ጨርቁን ከሌላው ልብስ ጋር ይጠቡት። ሲደርቅ ሽንሽኑን ብቻ ይተኩሱ። ልጁ ሲያድግ መንጠቆዎቹን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ልብሱ ከኪሱ ሲተርፍ ግን ሌላ መስፋት ነው።