«አንቲቫይረሱን አጥፉት» ሲባሉ ማጥፋት፣ እና ሌሎች ስህተቶች

ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ «አንቲቫይረስ በእርግጥ ይታመናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። ነገር ግን «ቫይረስ በላው» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ጥበቃ ያልነበረው አይደለም። ጥበቃ ነበረው፤ ባለቤቱ ራሱ አጥፍቶታል፣ ወይም ማስጠንቀቂያውን ንቆታል፣ ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ ጥሎበታል።

ክራክ ለመጫን ጥበቃውን ማጥፋት

ከሁሉ አስቀድሜ ይህንን የማነሳው ሰው ሲያለቅስ ያየሁት በዚህ ስህተት ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። አንድ ሰው ዋጋው የማይቀመስ ፕሮግራም ይፈልግና «ሙሉው፣ ነፃው» ተብሎ በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ክራክ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ፣ ያገኛል። የሚያወርደው ፋይል በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ነው፤ ይለፍ ቃሉ ግን እዚያው ከሥሩ ተጽፏል፦ 1234። ሁሉም ሰው የሚያየው ይለፍ ቃል ምን ይጠቅማል? የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ አንቲቫይረስ ገብቶ መፈተሽ ስለማይችል ነው። ሲከፈት አጭር የመመሪያ ጽሑፍ ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» ይላል፤ ሁለተኛው «የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሐሰት ስለሆነ አይስጉ» ይላል።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ማንነቱን የማታውቁት ሰው በር አንኳኩቶ «ዘበኛውን አሰናብቱና ልግባ» ቢላችሁ ታስገቡታላችሁ? ኮምፒውተር ላይ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው፣ ቢሮ የሚመራው፣ በገንዘቡ ጠንቃቃ የሆነው ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት ያስገባል። አንዳንድ ክራክ ሌላ ጉዳት ሳይኖረው አንቲቫይረስ ይይዘዋል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳት ያለውም የሌለውም የሚያመጡት ማስጠንቀቂያ ተመሳሳይ ስለሆነ ተጠቃሚው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ወንጀለኞቹም የሚነግዱት በዚሁ ነው።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን በሚያስታውቁበት በጥቅምት ወር ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተያዘ የብዙ ነጋዴዎች መዝገብ በዚያ ማሽን ላይ ነበር። ፎልደሩን ስንከፍት በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ አራት ትርጉም የለሽ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ውስጥም «ሪድሚ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፦ መፍቻው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490 ዶላር። ታናሽ ወንድሟ በዋዜማው ምሽት የፎቶ ማቀናበሪያ ክራክ ጭኖበት ነበር። ምን እንዳየ ስጠይቀው «ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ስለነበር እስኪጨርስ ጠበቅሁት» አለኝ። ያየው አፕዴት አልነበረም። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ በሚባለው ስሙ የሚታወቀው ይህ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ፋይሎቹን በሚቆልፍበት ጊዜ ተጠቃሚው ማሽኑን እንዳያጠፋበት የአፕዴት መስኮት የሚመስል ሐሰተኛ መስኮት ያሳያል። ትልልቅ ድርጅቶችን አይፈልግም፤ በዋናነት በክራክ እየተሰራጨ ተራውን ሰው ነው የሚያጠቃው።

ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቀድሞዎቹ የዚህ ቫይረስ ዝርያዎች ነፃ መፍቻ አውጥቷል። የኋለኞቹ ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ከወንጀለኞቹ ሰርቨር የተለየ ቁልፍ ያመጣሉ። ስለዚህ መፍቻው ሊረዳ የሚችለው ቫይረሱ ኢንተርኔት አጥቶ ለብዙዎች የሚያገለግለውን የጋራ ቁልፍ ከተጠቀመ ነው። የእሷ ቤት ኢንተርኔት በዚያ ምሽት አልተቋረጠም። የተረፈላት ከሳምንታት በፊት ለአንድ ደንበኛዋ በፍላሽ የሰጠችው ቅጂ ብቻ ነበር።

«አሁን ጠንካራ አንቲቫይረስ ጫንልኝ» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንቲቫይረስ ቆላፊውን ፕሮግራም ያስወግዳል እንጂ የተቆለፈውን ፋይል አይፈታም። እንዲህ የተጎዳ ሰው ባገኘው የኢንተርኔት ገጽ ላይ መፍቻ መፈለግ የለበትም፤ በ2020 ዞራብ የተባለ ቫይረስ የዚሁ የዲጄቪዩ መፍቻ መስሎ ቀርቦ የተቆለፈውን ፋይል በላዩ ላይ ደግሞ ቆልፎታል።

የቢሮ ሥራ ከሆነ ሊብረኦፊስ፣ ፎቶ ከሆነ ጊምፕ አለ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሁለቱም ምንም ነገር አጥፉ አይሉም። ሥራችሁን ደግሞ በሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ንቀሉት። እንደተሰካ የሚቀር ዲስክ አብሮ ይቆለፋል።

ብቅ ያለውን ሁሉ የአንቲቫይረስ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ማመን

በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ በስተታች፣ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል፤ ጥበቃዎ ዛሬ ያበቃል» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። የታዋቂ አንቲቫይረስ ዓርማ አለው፣ ቀይ ምልክት አለው። ተጠቃሚው ይደነግጣል፤ ይጫነዋል፤ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ይከፈታል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። በትንንሽ ፊደላት «ክሮም» የሚል ቃልና የማታውቁት ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎበታል። መልእክቱን የላከው አንቲቫይረስ ሳይሆን ያ ድረ ገጽ ነው። አንድ ቀን ኳስ ወይም ፊልም ስትፈልጉ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሏችሁ ፈቅዳችሁለታል። ፈቃዱን ለመንሳት የክሮምን ቅንብር ክፈቱ፤ ከግላዊነትና ደህንነት ሥር ወደ ድረ ገጾች ቅንብር፣ ከዚያም ወደ ማሳወቂያዎች ሂዱ፤ አድራሻውን አግኝታችሁ አስወግዱ። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም፤ ለዚህ ብሎ ፎርማት አድርጎ ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

የነፃ ምርመራም እንደዚሁ ነው። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የአሜሪካ የመደብር ሰንሰለት ለደንበኞቹ ነፃ የኮምፒውተር ጤና ምርመራ ያደርግ ነበር። ምርመራው ሲጀመር «ኮምፒውተርዎ ይዘገያል?» እንደሚሉት ካሉ አራት ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ምልክት የተደረገ እንደሆነ፣ ማሽኑ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት ተገኝቷል ይል ነበር። መደብሩና ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት በ2019 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምተው በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ስለዚህ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መዓት ስህተት ቆጥሮ «ለማስተካከል ይክፈሉ» የሚል ፕሮግራም ሲያጋጥማችሁ ዝጉት።

የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መጫን

አንቲቫይረስ ከማንኛውም ፕሮግራም የበለጠ ሥልጣን አለው። ፋይሉን ሁሉ ያነባል፣ የምትከፍቱትን ድረ ገጽ ያያል፣ የጠረጠረውንም ፋይል ወደ ኩባንያው ሊልክ ይችላል። ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር መነሳት ያለበት እዚህ ላይ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ጃምፕሾት በተባለ እህት ኩባንያው በኩል ከ100 ለሚበልጡ ገዢዎች ሲሸጥ ኖሯል። ጃምፕሾት በ2020 ተዘጋ፤ በ2024 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አቫስትን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው፣ መረጃውን ለማስታወቂያ እንዳይሸጥም ከለከለው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያው ካስፐርስኪ በአሜሪካ እንዳይሸጥ አገደ። ምክንያቱ ኩባንያው በሩሲያ ሕግ ሥር መሆኑ ነው፤ ኩባንያው ስጋቱን አይቀበለውም።

የእኔ ምክር ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የምትጠቀሙ ከሆነ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ አብሮ የመጣ ነው፤ ዊንዶውሱን የሠራው ኩባንያ ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ማይክሮሶፍትን ሳታምኑ ዊንዶውስ መጠቀም አይቻልም፤ ሌላ ኩባንያ ስትጨምሩ ግን ማመን ያለባችሁን አካል ታበዛላችሁ። ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ዲፌንደር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሳድጉት።

ሌላ መግዛት ከፈለጋችሁ ከታወቀ ሻጭ ግዙ። ለጥቂት ማሽን የተሰጠ የፈቃድ ቁልፍ ለብዙ ሰው ተሸጦ፣ ከጊዜ በኋላ ሲታገድ ገዢው ሳያውቅ ያለ ጥበቃ ሲቀመጥ አያለሁ።

ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ጊዜ መጫን

አንዱ የሌላውን ሥራ ያደናቅፋል፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። አንድ ይበቃል።

ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን የሙከራ አንቲቫይረስ መርሳት

የሙከራ ጊዜው ካለፈ ወይ ክፈሉበት ወይ ሙሉ በሙሉ አስወግዱት። ስታስወግዱት ዲፌንደር ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል።

ፍላሽ ላይ የመጣውን ሾርትከት መጫን

ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ በቫይረስ ምክንያት ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ሆነው ታገኛላችሁ። ያኔ ፍላሹን ፎርማት አታድርጉ፤ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ምክንያት ያጠፋ ተማሪ ይመጣል፤ ልቤ ይሰበራል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ሳትነኩ፣ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ከፎልደር አማራጮች አስተካክሉ። ሰነዶቻችሁን ብቻ ወደ ጤነኛ ቦታ ገልብጡ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንቲቫይረስ ከሚከታተለኝ ሰው ያድነኛል ማለት

ለብዙኃን የተለቀቀን ቫይረስ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ለእናንተ ተብሎ የተዘጋጀን ወጥመድ መያዝ ሌላ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁትን ድረ ገጽ ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ የሚወስድ ኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ማዘመን ያስፈልጋል ይላቸዋል፤ «ማዘመኛው» ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ጋዜጠኛ ወይም የፖለቲካ ሰው ከሆናችሁ «ቪዲዮውን ለማየት ይህን ጫኑ» የሚልን ማንኛውንም ገጽ ዝጉ፤ አንቲቫይረሱ ዝም ማለቱን እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት።

ዳታ ይበላል ብሎ አፕዴት መዝጋት

በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በማርች ነበር። የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው። አንዳንዶች በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ማቆሙን ጠቅሰው ይከራከሩኛል። ክራውድስትራይክ ግን ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ምርት ነው፤ የቤት ኮምፒውተራችሁ አልነካውም። የተበላሸ አፕዴት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታረማል፤ ያልተደፈነ ቀዳዳ ግን ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የዳታው ወጪ እውነተኛ ችግር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጨርሶ ኢንተርኔት የሌላቸው የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት ማሽኖችም አሉ። ለእነዚህ ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጎ በድረ ገጹ ያስቀምጣል። መጠኑ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በንጹሕ ፍላሽ ለሁሉም ማሽኖች አዳርሱ። ስትወስዱ የማሽኑ ዊንዶውስ የ32 ወይም የ64 ቢት መሆኑን ለዩ። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ምንም መስኮት ሳያሳይ ሥራውን ይጨርሳል፤ መሥራቱን ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ መጨረሻ የተዘመነበትን ቀን ተመልከቱ።