ጄቷ አልነሳ ስትል፦ ተርባይን የተገጠመላት ሪሞት መኪና ችግርና መፍትሄ

እንደ ቡታጋዝ ላምባ የምትጠጣ፣ ከውሃ ኮዳ ብዙም የማትበልጥ ተርባይን (ትንሽ የጄት ሞተር) ሪሞት መኪናዬ ላይ ከገጠምኩ ወዲህ፣ ደሴ ውስጥ "ጤነኛ ነህ?" ያላለኝ የለም። ስትበላሽ ሁሉም የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። እኔ ግን ሞተሩን መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። አብዛኛው ጣጣ ያለው ነዳጁ፣ አየሩና አገጣጠማችን ላይ ነው።

ማስነሻው ይዞራል፣ እሳት የለም
መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። የደሴ የጠዋት ብርድ ያደክመዋል፤ ቤት ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ውጡ። ቀጥሎ ማቀጣጠያውን ፈትታችሁ ሞክሩት። እንደ ፍም ካልቀላ ይቀየር። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ላምባው አልደረሰም ማለት ነው።

ይነሳል፣ ግን ከኋላ ነበልባል ይተፋል
ለደሴ ሰው ዋናው ችግር ይሄ ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛውን እንኳ አያክልም። ሲነሳ የሚረጨው ነዳጅ ለቆላ ከተለካ፣ እዚህ ይበዛበታል። ሙቀቱ ጣራ ይነካና የሞተሩ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ራሱ ያጠፋዋል። የመነሻ ነዳጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ ትንሽ በትንሽ ቀንሱ።

ሌላው ምክንያት ካለፈው ሙከራ የተረፈ ላምባ ውስጥ መጠራቀሙ ነው። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጭስ መውጫው አንጠፍጥፉት። ከዚያ ያለ ነዳጅ በማስነሻው ብቻ አዙሩት። ይሄን ዘልዬ ደግሜ የሞከርኩ ቀን ቅንድቤን ለብልቦኛል። የእሳት ማጥፊያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ ዱቄቱ እሳቱን ቢያጠፋም ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

አሁን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ነው የምሞክረው። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ከድምፁ ያስታውቃል። ከኤርፖርቱ ግን ራቁ።

ጋዝ ሲሰጠው ድርግም ይላል
ቱቦው በዓይን የሚያሳይ ይሁን። አንድ ሰው በሪሞቱ ጋዝ ሲሰጥ (ፍጥነት ሲጨምር) እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ቱቦውን እዩ። ምስር የምታህል የአየር አረፋ ካለፈች ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ኮብልስቶን ላይ ስትነጥር ላምባው ታንኩ ውስጥ ይናጥና ፓምፑ አየር ይስባል። ከዋናው ታንክና ከፓምፑ መሃል ሁልጊዜ ሙሉ የሚሆን ትንሽ ታንክ ግጠሙ። መገጣጠሚያዎቹን አጥብቁ፣ ፊልትሮውን እጠቡ።

ቦዲው ይቀልጣል
ከተርባይኑ የሚወጣው ጋዝ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በቀጭን ላሜራ ከልሉ፤ በላሜራውና በፕላስቲኩ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ከፊት ያለውን የአየር መግቢያ ግን እንዳትደፍኑ። ታፍኖ የሚሠራ ተርባይን ጉልበቱም ያንሳል፣ ይግላልም።

ጋዝ ሳይነካ ትንፏቀቃለች
ብልሽት አይደለም። ተርባይን በዝቅተኛ ዙሩም ይገፋል። ፍሬን ያስፈልጋታል። ሪሞቱ ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲጠፋ መስተካከሉንም አረጋግጡ።

የመፋጨት ድምፅ
ከቀዘቀዘ በኋላ በጣታችሁ አዙሩት። ከሻከረ ኩሽኔታው ሄዷል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ዘይት ከጎደለበት ወይም አቧራ ከገባበት አይምርም። ብዙዎቹ ሞተሮች ለ1 ሊትር ላምባ 50 ሚሊ ሊትር ያህል የተርባይን ዘይት ይፈልጋሉ፤ የእናንተን ከመመሪያው እዩ። ኩሽኔታውን ሰፈር ጋራዥ አታስቀይሩ። የእኔን "በመዶሻ ቀስ አድርጌ ላውጣልህ" ያለኝ ነበር። አሽጌ ለሠራው ፋብሪካ ላክሁት።