ስለ ልጆች ውፍረት፦ በፍቅር የምንሠራቸው ስህተቶች

በፋሲካ ሰሞን እናቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው የእህቴ ልጅ አፉን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ጉርሻውን እንደያዘች ተከተለችው። «ይኼ የእናትህ፣ ይኼ የአባትህ፣ ይኼ ደግሞ የእኔ ነው፤ እንዳታሳፍረኝ!» ልጁ ሦስቱንም ጎረሰ። «ጎበዝ!» ተባለና ለስላሳ ተቀዳለት። ሁላችንም ደስ ብሎን አየነው፤ እኔም ጭምር። ልጁ ግን ፊቱን ሲያዞር መጥገቡን ነግሮን ነበር።

ትልቁ ስህተት ይኼ ይመስለኛል፤ ልጅ ጠገብኩ ሲል አለማመን። ሕፃን ጡት ሲበቃው ይተዋል፤ ማንም አላስተማረውም። ያንን ችሎታ ቀስ በቀስ የምናስረሳው እኛ ነን። «ሳህንህን ጨርስ» እየተባለ ያደገ ልጅ መብላት የሚያቆመው ሆዱ ሲሞላ ሳይሆን ሳህኑ ሲያልቅ ወይም የእናቱ ፊት ሲፈታ ይሆናል። የልጆች አመጋገብ ባለሙያዎች የሚመክሩት የሥራ ክፍፍል አለ፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ልጁ ይወስን። ጉርሻ ይቅር አልልም፤ እኔም በእናቴ እጅ ጎርሼ ነው ያደግሁት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለውን ግን ለአዋቂዎች እንተወው።

ሌላው ስህተት ውፍረትን የጤና ምልክት አድርጎ ማየት ነው። አመጣጡ ይገባኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 2 በመቶ ገደማ ብቻ። ረሃብን በሚያውቅ አገር ዓይናችን የከሳውን ልጅ ለይቶ መደንገጥን ተማረ፤ ወፍራሙን ሲያይ ግን «ተመችቶታል» ብሎ ያልፋል። በሌሎች አገራት የተደረጉ ጥናቶችም እንደሚያሳዩት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ካላቸው ልጆች ወላጆች ግማሽ ያህሉ የልጃቸውን ክብደት አሳንሰው ይገምታሉ።

ስለዚህ በዓይን አይፈረድም፤ ይለካል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ክብደትን ብቻ መዝኖ መመለስ። ቁመቱ ያጠረ ልጅ ለዕድሜው ክብደቱ «ደህና» ሊባል ይችላል፤ ለቁመቱ ሲታይ ግን ከመጠን በላይ ሆኖ ይገኛል። መቀንጨርና ውፍረት በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሰንጠረዥ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ክብደቱ ለቁመቱ ከ+2 መስመር (ሰንጠረዡ ላይ ከመካከለኛው መስመር ከፍ ብሎ ከተሰመረው) በላይ ከሆነ ከመጠን በላይ ነው ይባላል። ለክትባት ስትሄዱ ቁመቱም እንዲለካ ጠይቁ።

የሚጠጣውን ነገር ከምግብ አለመቁጠርም አለ። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር ይገኛል። ለስላሳ በጡጦ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ አሁንም ያመኛል። የታሸገ ጁስም «ፍራፍሬ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ስኳር የበዛበት ሻይም እንደዚያው። ለጠማው ልጅ ውኃ ይበቃዋል።

ከረሜላን ማባበያ ማድረግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሲወድቅ ብስኩት፣ ሲያለቅስ ቸኮሌት፣ መርፌ ሲወጋ ኬክ ከተሰጠው፣ ሲከፋው ምግብ መፈለግን ይለምዳል። ማቀፍ ይቀድማል።

ስልክ እያሳዩ ማብላትን በተመለከተ፣ ወላጆችን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ታች ያለው ቦታ በመኪና የተሞላበት ልጅ የት ይሩጥ? ሞግዚቷም «እንዳይወጣ» ተብላለች። ይሁንና ዓይኑን ስክሪን ላይ የተከለ ልጅ ምን ያህል እንደጎረሰ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ደግሞ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲንቀሳቀሱና ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ሦስት ሰዓቱ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ደረጃ መውጣት፣ ሳሎን ውስጥ እስክስታ፣ ሱቅ ድረስ በእግር መሄድ ሁሉ ይቆጠራል።

ችግሩ ሲታወቅ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡ አሉ። ልጁን በእንግዳ ፊት «ድቡልቡል» ብሎ መጥራት፣ እህቱ ፓስታ ስትበላ እሱን ብቻ መከልከል፣ ምግቡን በራስ ውሳኔ መቀነስ። ይኼ ከውፍረቱ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ የተከለከለው ተደብቆ መብላትን ይማራል። ትንሽ ልጅ ገና እያደገ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መክሳት አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ሲደርስበት ይስተካከላል። መለወጥ ያለበት የቤቱ ማዕድ ነው፣ ለሁሉም እኩል። አባት ማታ ማታ ለስላሳ እየጠጣ ልጁን «አንተ ውኃ ጠጣ» ቢለው ልጁ የሚያየው ጠርሙሱን ነው።

ሲተኛ የሚያንኮራፋ፣ ትንሽ ሮጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም በአንገቱ ዙሪያ ቆዳው የጠቆረበት ወፍራም ልጅ ካለ ግን፣ ቀጣዩን የክትባት ቀን ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።