የልስን ሜሽ ማሽን ልትገዛ ነው? እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች አንተ አትድገማቸው

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ወርክሾፕ ድረስ መጣ። ስልኩን አወጣና ቪዲዮ ከፈተልኝ። ላሜራ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል እንደ ዳንቴል ሆኖ ይወጣል። «ጋሼ፣ ይሄን ማሽን ላስመጣ ነው፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ቪዲዮው ያምራል። የኔም ማሽን ሳልገዛው በፊት እንደዚሁ ያምር ነበር።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ብሎኬት ከኮለን ወይም ከቢም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ልስኑ ይሰነጠቃል። ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል አይንቀሳቀሱማ። ለዚህ ነው መገናኛው ላይ ከመለሰኑ በፊት ሜሽ፣ ማለትም የብረት መረብ፣ የሚመታው። ሜሹ የሚሠራበት ማሽን ደግሞ ሲያዩት ቀላል ነው። የላይኛው ቢላ ጥርስ አለው፣ የታችኛው ቀጥ ያለ ነው። ላሜራው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይገፋል፣ ጥርሱ ይወርዳል፣ ይሰነጥቃል፣ በዚያው ምት ወደ ታች ይስበዋል። ከዚያ የዓይኑን (የሜሹን ቀዳዳ) ግማሽ ያህል ወደ ጎን ሄዶ እንደገና ይመታል። ተቆርጦ የሚወድቅ ቁራጭ የለም። ጆን ጎልዲንግ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1880ዎቹ ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ነው፤ መሠረቱ እስካሁን ያው ነው።

ችግሩ ሁሉም ሰው ማሽኑን ብቻ ያያል። እኔም ያየሁት ማሽኑን ብቻ ነበር። ላሜራውን፣ ቢላውንና ግንበኛውን ያየሁት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው።

ምን እንደምትሸጥ ሳትወስን መግዛት

«የልስን ሽቦ ማሽን» የሚባል አንድ ማሽን የለም። የዶሮ ሽቦ የሚሠራው ሽቦዎቹን እየጠመዘዘ ነው። አራት ማዕዘን ዓይን ያለው ሜሽ የሚሠራው ሽቦውን በኤሌክትሪክ ነጥብ በነጥብ እየበየደ ነው፤ እሱ የሚጠጣው መብራት ደግሞ ለትንሽ ወርክሾፕ አይሆንም። ከላሜራ እየተሳበ የሚወጣው፣ እኔ የምሠራው፣ ሦስተኛው ነው። የልስን ማዕዘን የሚጠብቀው ኮርነር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ መስመር ነው። አንዱ የሌላውን አይሠራም። ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ካለህ ስልኩን ዝጋ።

ገበያውንም እየው። እዚህ ብዙ ሳይት ላይ የለመዱት የዶሮ ሽቦ ነው፤ የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰንም የሚመቱት እሱኑ ነው። የላሜራ ሜሽ ይዘህ ስትቀርብ ግንበኛው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይልሃል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት ሜሽ እያመረትኩ ሳይሆን ሳይት ለሳይት ናሙና ይዤ እየዞርኩ ነው። አንተ ይሄን ወር ቀድመህ ብትዞረው ማሽን ሳትገዛ ያልቅልሃል።

ላሜራ በጌጅ መግዛት

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የበላብኝ እሱ ነው።

ቆርቆሮ ስንገዛ «ባለ 28»፣ «ባለ 32» ማለት ለምደናል። ጌጅ፣ ማለትም ይሄ የውፍረት ቁጥር፣ ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ላሜራ) ሠንጠረዥ 28 ጌጅ 0.475 ሚሊሜትር ነው። በእንግሊዝ የሽቦ ሠንጠረዥ ያው 28 ጌጅ 0.376 ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን ሃያ በመቶ ያህል ይለያያል። ስለዚህ ውል ላይ ሚሊሜትር አስጽፍ። ኮይሉ (የላሜራው ጥቅል) ሲመጣም ማይክሮሜትር ይዘህ ዳር ዳሩንና መሐሉን ለካ። ወረቀቱን ሳይሆን ላሜራውን እመን።

ሁለተኛው ጣጣ ጥንካሬው ነው። ለጣሪያ የሚመጣው ስስ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ ያለ ነው። ለቆርቆሮ ጥሩ ነው፣ ለኛ መርዝ ነው። እኛ ላሜራውን እንስበዋለን፤ ለመሳብ ደግሞ ለስላሳ መሆን አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ዋጋው ረከሰ ብዬ የጣሪያ ትርፍራፊ ኮይል ገዛሁ። ማሽኑ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትር ደህና ወጡ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክሮቹ፣ ማለትም ዓይኖቹን የሚከብቡት ቀጫጭን የላሜራ ዘንጎች፣ መጋጠሚያቸው ላይ እየተበጠሱ ነው። ቢላው ደብዝዞ መስሎኝ አወለቅን፣ ሞረድን፣ መለስን፤ ያው። ግማሽ ቀን ቢላውን ስንወነጅል ጥፋተኛው ላሜራው ነበር። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከመግዛቴ በፊት አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ እቆርጥና በእጄ አጥፋታለሁ። እንደ ሞላ ተስፈንጥራ ከተመለሰች አልገዛም። ታጥፋ እዚያው ከቀረች እንነጋገራለን።

የካታሎግ ፍጥነት ማመን

ካታሎጉ ላይ «በደቂቃ 200 ምት» ይላል። ጥሩ። ግን ስንት ሜትር ነው? ሁለት ምት አንድ ዓይን ይሠራል። የዓይኑ አጭሩ ስፋት (ከመጋጠሚያ መሐል እስከ መጋጠሚያ መሐል) 8 ሚሊሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ምት 4 ሚሊሜትር ይሰጥሃል። 200 ሲባዛ በ4፣ በደቂቃ 80 ሴንቲሜትር ነው። በሰዓት 48 ሜትር። እሱም ኮይል ሳይቀየር፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ማንም ሻይ ሳይጠጣ። ያ ልጅ በስልኩ ያሰላው የዚህን ሦስት እጥፍ ነበር።

ሜሽ እየሸጡ ሚዛን አለመያዝ

የሚያስቅ ነው ግን ብዙዎቻችን በሜትር እንሸጣለን፣ የምንገዛው ግን በኪሎ ነው። መሐል ላይ ገንዘቡ ይፈሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የክሩን ስፋት በውፍረቱ አባዛ፣ በ2 አባዛ፣ በ7.85 አባዛ፣ ከዚያ ለዓይኑ አጭር ስፋት አካፍል፤ ሁሉም በሚሊሜትር። የካሬ ሜትር ክብደት በኪሎ ያወጣልሃል። 0.5 ውፍረት፣ 1.5 የክር ስፋት፣ 8 ዓይን ብትል 1.47 ኪሎ ነው።

አሁን የመግፊያው ሮለር ትንሽ ላላ እንበል። ላሜራው በየምቱ 1.5 መግባት ሲገባው 1.8 እየገባ ነው። በዓይን አታየውም፤ ሜሹም ያው ሜሽ ይመስላል። ክብደቱ ግን 1.77 ኪሎ ገብቷል። ሃያ በመቶ ላሜራ ለደንበኛህ በነፃ እየመረቅህ ነው፣ እሱም አያመሰግንህም። በተቃራኒው ከቀጠነ ደግሞ መሐንዲሱ መዝኖ ይመልስብሃል። አሜሪካኖቹ ለልስን ሜሽ የለመዱት ሁለት ክብደት አላቸው፦ በካሬ ሜትር 1.4 ኪሎ አካባቢና 1.8 ኪሎ አካባቢ። ጠዋት ጠዋት አንድ ካሬ ቆርጠህ ሚዛን ላይ አውጣ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሜሹን ለማሳመር መዳመጥ

ይሄኛው ያናድደኛል። ሜሹ ከማሽኑ ሲወጣ ክሮቹ ትንሽ ዘመም ብለው ነው፤ እጅ ይቧጥጣል፣ ሲደራረብም ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አንዳንዱ በሮለር ድጦ ልሙጥ ያደርገዋል። ለአጥር ወይም ለመስኮት ከሆነ እሰየው። ለልስን ግን ያ ዝንባሌ ነው ዋናው ነገር። እያንዳንዷ ክር እንደ ትንሽ ማንኪያ ሆና ሞርታሩን ትቀበላለች፣ ሞርታሩም ከኋላዋ ዞሮ ይነክሳል። ድጠህ ካለሰለስከው ሞርታሩ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ደንበኛ «ለምን እንደነ እከሌ ልሙጥ አልሆነም?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሂድና ሁለቱንም ለስንባቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ሜሹ ላይና ታች አለው። ግድግዳ ላይ ሲመታ ማንኪያዎቹ ወደ ላይ ማየት አለባቸው። መዳፍህን ከታች ወደ ላይ ስትስበው ልስልስ ይላል፣ ከላይ ወደ ታች ስትስበው ይቧጥጣል። እንዲያ ከሆነ ትክክል ነው። ግንበኛው ይሄን እንዲያስታውስ አትጠብቅ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው። አንተው ከማሽኑ ሲወጣ የላዩን ጫፍ ቀለም ንካው። እኛ ቀይ እንነካለን። በአንድ ማሰሪያ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይደርደር። ደግሞ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርገው እንዳይመቱት ንገራቸው፤ ግማሽ ሳንቲ ያህል ራቅ ካላለ ሞርታሩ የሚገባበት የለውም።

መብራቱን መናቅ

ከቻይና የምታመጣው 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ከኛ ትሪ ፌዝ ጋር ይገጥማል። ጣጣው ከሌላ አገር ሲሆን ነው። ሳዑዲ የሠሩ ወንድሞቻችን ያገለገለ ማሽን በርካሽ አግኝተው ይዘው ይመጣሉ፤ እዚያ 60 ኸርዝ ነው። እዚህ ስትሰካው ሞተሩ ፍጥነቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ይዞራል፣ የትልቁ ጎማ (የፍላይዊሉ) የመምታት ጉልበት ሠላሳ በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ከመጫኑ በፊት የሞተሩን ፅሑፍ ፎቶ አስነሥተህ አንብብ።

ሌላው ፌዝ ነው። አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተር ይቃጠላል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። መገልበጡን ግን የሚያስብ የለም። የኛው ኤሌክትሪሺያን አንድ ቅዳሜ ብሬከር ሲቀይር ሁለት ገመድ አቀያየረ። ሰኞ ጠዋት ስናስነሳው ማሽኑ ወደ ኋላ ዞረ። መግፊያውና ቢላው ሰዓታቸው ተዛባና ሦስት ጥርስ ረገፈ። ፌዝ ሲጠፋ ወይም ሲገለበጥ ማሽኑን የሚያስቆመው የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ከሦስቱ ጥርስ በጣም ይረክሳል።

ቢላውን እስኪሞት መጠቀም

በላይኛውና በታችኛው ቢላ መሐል ያለው ክፍተት ከላሜራው ውፍረት ከአሥር በመቶ አይበልጥ። ለ0.5 ላሜራ 0.05 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ። ክሩ ዳር ላይ እሾህ ማውጣት ሲጀምር ቢላው እየነገረህ ነው። ያኔ አውልቀህ አስሞርድ። «ይሄን ትዕዛዝ ልጨርስና» ያልክ ዕለት ይሰበራል። ሁለተኛ ቢላ ከማሽኑ ጋር አብረህ እዘዝ፣ ብቻውን ለማስመጣት ያለውን ውጣ ውረድ ታውቀዋለህ። ማሽኑ የሚቆምበትም የራሱ ኮንክሪት ይኑረው፤ ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን በየሳምንቱ አጥብቅ፤ ለኩሽኔታው ግራሶ። በቃ።

ዘይትና ዝገት

ቢላውን ለማቀዝቀዝ የምትቀባው ዘይት ሜሹ ላይ ከቀረ ሲሚንቶ አይዘውም። ቀጭን፣ የሚተን ዘይት ተጠቀም፤ ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት አደራ እንዳታስጠጋ።

ዝገቱን በተመለከተ፣ የሲሚንቶ ልስን ብረትን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። ጀሶ ግን አይከላከልም። ጋልቫናይዝድ ያልሆነ ሜሽ ለጣሪያ ጀሶ ከሸጥክ ነጩ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ሰውየው ሦስት ጊዜ ቀለም ይቀባል፣ አራተኛ ጊዜ አንተ ጋ ይመጣል። መጥቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ጋልቫናይዝድ ያልሆነ ኮይል ወርክሾፔ አይገባም።

ጓንቲ በየቦታው ማድረግ

እዚህ ጋ ሰው ይከራከረኛል። የተሳበ ሜሽ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ መውጫው በኩል ወፍራም ጓንቲ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ማንም አይነካም። መግቢያው በኩል ግን ሮለር አለ። ሮለር ጓንቲ ይወዳል። እዚያ መሸፈኛው ሳይወልቅ፣ ማሽኑ ሳይቆም እጅ አይጠጋም፣ በጓንቲም ያለ ጓንቲም።

ይሄን ሕግ ያወጣነው አንድ ሠራተኛችን አዲስ ኮይል ሲያስገባ ነው። መሸፈኛው «ለአንድ ደቂቃ» ተነሥቶ ነበር፣ እኔው ነኝ ያስነሣሁት። ላሜራው ጠመም አለበትና ሊያቃና እጁን ሰደደ። የጓንቲው ጫፍ ተያዘ። ጓንቲው ሰፊ ስለነበር እጁ ሾልኮ ወጣ። ማንም አልጮኸም። ማሽኑን እስካጠፋ ድረስ ጓንቲው ገብቶ፣ ተሰንጥቆ፣ ተስቦ፣ ከሜሹ ጋር አብሮ በወዲያኛው በኩል እየወጣ ነበር፤ አምስቱም የጓንቲው ጣቶች ዓይን በዓይን ሆነው። ያንን ካሬ አልሸጥነውም። ከማስነሻው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል፣ ያ ልጅም ቪዲዮውን አሳይቶኝ ሲጨርስ ዓይኑ ያረፈው እሱ ላይ ነበር።