ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማየት

ደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ይመረጣል። መጀመሪያ ዲንሾ በሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ። የደጋ አጋዘን እዚያው ዙሪያ ስለሚሰማራ ለእሱ ብሎ ሩቅ መድከም የለም። ጎባ አድራችሁ በጠዋት ቀበሮው ወደሚገኝበት ከፍተኛ ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ ውጡ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ሞቅ ስታደርገው አይጥና ፍልፈል ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ፣ እሱም ጆሮውን ቀስሮ፣ ዝቅ ብሎ እያደባ ይጠጋቸዋል። መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጠብቁ። ከመንገዱ ወጥታችሁ አትንዱ፤ ጎማ ጉድጓዶቹን ይደረምሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልብስ ነው፦ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ እያቃጠለች ነፋሱ ያንቀጠቅጣል። ከከፍታው የተነሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ክኒን ውጦ መቀጠል አያዋጣም፤ ወደ ጎባ ውረዱ።